ቀሚሴ አልፈቀደም

አሥራ አንድ ሴቶች ለክቼ፣ ለአሥራ አንድ ሴቶች ቆርጬ ስጨርስ ከጣቃው የተረፈውን ሳቲን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ለቀጭን ልጅ ይበቃል። ለእኔ አይበቃም። ያውም የሙሽራዋ እናት እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ባለቤቴ ገቢሳ ጨርቁን ከአዲስ አበባ ሲያመጣ «ለአሥራ ሁለታችሁ ይበቃል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ነቀምቴ ውስጥ ልብስ የሰፋሁት ሴትዮ «እንዲያውም ይተርፋል» አልኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ራሴን መጨረሻ ላይ አድርጌ ለሁሉም ትርፍ እየተውኩ ቆረጥኩ። ለሊሊሴማ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ተውኩላት፤ እስከ ሠርጉ መወፈሯ አይቀርም ብዬ። ያን ቀን ደግነት መስሎኝ ነበር።

እኛ ሰፈር ልጅ ሲዳር የሙሽራዋ እናትና የቅርብ ሴቶቿ አንድ ዓይነት ጨርቅ ይለብሳሉ። ተሰልፈን እንገባለን፣ ተሰልፈን ፎቶ እንነሳለን። ከሰልፉ የጎደለች ሴት ካለች ፎቶው በየቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቁጥር ምክንያቷ ይወራል። እናትየዋ ከጎደለች ደግሞ ልጅቷ ልጅ እስክትወልድ ድረስ ይወራል።

ሜትሩን ወገቤ ላይ አዞርኩት። ዘጠና ስምንት። የተረፈው ጨርቅ፣ ትርፍ የሚባል ነገር ሳይተውለት፣ ሰማንያ ስድስት ይወጣዋል። ሠርጉ በጥር ነው፤ ያለነው ጥቅምት ውስጥ። ለገቢሳ «አልበቃኝም» ከማለት ከሆዴ ጋር መጣላት ቀለለኝና መቀሱን አነሳሁ። ቆረጥኩት። የተቆረጠ ጨርቅ መመለሻ የለውም፤ እኔም ያን ሁሉ ዓመት ለደንበኞቼ ስነግር የኖርኩት ይሄንኑ ነው።

ይህን ጉድ የነገርኩት ለሊሊሴ ብቻ ነው። ሊሊሴ ጓደኛዬ ናት። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ ከዚያ ተነስቼ፣ ኦሮምኛዬ ከገበያ የማያልፍ ልጅ ሆኜ ነቀምቴ ስገባ አንድ ክፍል ተካፍላ ያኖረችኝ እሷ ናት። ያኔ የእኔ ወገብ ስልሳ አራት ነበር። ሊሊሴ ያኔም ሙሉ ነበረች፤ ስትቀመጥ ወንበሩ የሚጮህ። አብረን ስንሄድ ሰው ሰላም የሚለው እኔን ነው። ብቻዋን ስትሄድ ደግሞ «ጓደኛሽስ?» ይሏታል። ገቢሳ ራሱ የመጀመሪያዋን ደብዳቤ የላከልኝ በሊሊሴ እጅ ነው፤ ጎረቤት ስለነበሩ። እኔ አግብቼ የአሁኗን ሙሽራ ሌንሳን ወለድኩ። ሊሊሴ ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ክፍል ውስጥ ፋይል እያወጣች እያስገባች ሃምሳ ልትደፍን ነው።

ነገሬን ስትሰማ ሳቀችብኝ። ቀጥላ ግን ሳቋን አቋረጠች።

«እኔም እኮ ተነግሮኛል» አለች። «ሐኪሙ ‹ስኳርሽ ደጃፍ ላይ ነው፤ ካልቀነስሽ ይገባል› አለኝ። በሰው ሁሉ ፊት ሚዛን ላይ አቁመው ቁጥሩን በጩኸት ጠሩት። ሁለተኛ ሚዛን ላይ አልወጣም፣ አዳኑ። ቁጥርም እንዳትነግሪኝ።»

«በምን ታውቂዋለሽ ታዲያ?»

«በቀሚሱ። የእኔም የአንቺም እዚህ ይሰቀል። በየቅዳሜው መጥቼ እለካዋለሁ። የእኔ ሲሰፋ፣ የአንቺ ሲዘጋ እናያለን።»

ተስማማን። ሁለቱን ቀሚሶች ከሱቄ መጋረጃ ኋላ ጎን ለጎን ሰቀልኳቸው። የወይን ጠጅ ቀለም ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃ ይመስላል። የመጀመሪያው ቅዳሜ የሊሊሴ ልክክ አለ። የእኔ ዚፕ ወገቤ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ በላይ ጀርባዬ ስንዝር ሙሉ ክፍት ነው። «ገና ነው» ተባባልን። ከልባችን ነበር። እኔም ከልቤ ነበር፤ ይሄን ማንም እንዲጠራጠርብኝ አልፈልግም።

ማክሰኞ ላይ የጎረቤቴ የድርቤ ወንድም ሚስት ወንድ ልጅ ተገላገለች አሉኝ። አራስ ቤት ገብቶ ገንፎ ሳይቀምሱ መውጣት ነውር ስለሆነ ቀመስኩ። ቅቤው መሀል ላይ ኩሬ ሠርቶ ሲያዩት «ቀመስኩ» ብሎ ማቆም እንዴት ይቻላል? ሐሙስ ላይ የደንበኛዬ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ ጋዋኑን ያሳጠርኩለት እኔ ስለሆንኩ ኬኩ ካልተላከልኝ ቅር ይለኝ ነበር፤ ተልኮልኝ ካልበላሁት ደግሞ ቅር ይላቸዋል። ዓርብ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ዘገንኩ። ሐዘን ነው፤ እሱ አይቆጠርም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ዚፔ ያው ቦታ ቆመ። የሊሊሴ ቀሚስ ወገቡ ላይ አንድ ጣት አስገባ።

በሳምንቱ የሙሽራው ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ ቤታችን መጡ። ጩምቦ አቀረብን፤ ወፍራሙ ዳቦ ተፈርፍሮ፣ በቅቤና በእርጎ ርሶ፣ በትልቁ ገበታ። ሊሊሴ ከእኔ ጋር ስታስተናግድ አንዱ ሽማግሌ በእጃቸው አፍሰው «ኛዱ፣ ልጄ! ብዪ!» አሏት። የሽማግሌ ጉርሻ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ያያል። እኔ ብሆን ምክንያት ተገኘ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር።

ሊሊሴ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመችና «ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ አባቴ፤ ቀሚሴ አልፈቀደም» አለች።

«ማነው ያልፈቀደው?»

«ቀሚሴ። ለሠርጉ የተሰፋው። እሱ ካልፈቀደ አልበላም፤ ሃደ ሌንሳን ጠይቋት።»

ሃደ ሌንሳ፣ የሌንሳ እናት ማለት፣ እኔ ነኝ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ጉርሻውን ለእኔ አዞሩት፤ በላሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊሊሴ የትም ቤት ስትገባ ሰዎች «ዛሬስ ቀሚስሽ ፈቀደ?» ይሏት ጀመር። «አልፈቀደም» ትላለች፤ ይስቃሉ፤ ማንም አይቀየማትም። እኔ የምበላበት ሰባ ምክንያት ነበረኝ። እሷ የማትበላበት አንድ ምክንያት አገኘችና እሱን ይዛ ከተማውን ዞረችበት። ጠዋት ጠዋት በጉቴ መንገድ በእግሯ ትሄዳለች፤ ባጃጅ ነጂዎቹ እየዘገዩ «ልጫንሽ?» ሲሏት እጇን ታወዛውዛለች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከመጋረጃው ወጥታ መስታወቱ ፊት ዞር ስትል የቀሚሷ ወገብ ብቻውን ቀረ። እጇን ሙሉ አስገባችበት። «ያ ዋቃ!» አለች። እንደ ልጅ ዘለለች። ሳቲኑ ዘለለ። አገጯ ሥር አንገት የሚባል ነገር ወጥቷል። ሠላሳ ዓመት ሳውቃት አይቼው አላውቅም።

«አንቺስ?» አለችኝ።

የእኔን ለበስኩ። ዚፑ ያው ቦታ።

«አይዞሽ፣ ነገ ይዘጋል» አለችኝ። ይሄ አይዞሽ አንጀቴ ገባ። አይዞሽ ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ሠላሳ ዓመት «አይዞሽ ሊሌ፣ ባል ይመጣል፤ አይዞሽ ሊሌ፣ ሙሉ ሴት ያምራል» ስል የኖርኩት እኔ ነኝ።

ማታ ራት ላይ ገቢሳ እንጀራውን እየቆረሰ «ሊሊሴን ዛሬ ከኋላ አየኋትና ወጣት ልጅ መስላኝ አለፍኳት» አለ።

«ከኋላ ለምን ታያታለህ?» አልኩት።

«እንዴ! መንገድ ላይ እኮ ነው።»

«መንገድ ላይ ፊት ለፊት አይታይም?»

ወደ እንጀራው ተመለሰ። ገቢሳ መምህር ነው፤ መልስ የሌለው ጥያቄ ሲመጣ ማለፍ ያውቃል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥኩ። እርር ድብን አልኩ። በልጄ ሠርግ፣ እኔ በሰፋሁት ቀሚስ፣ ሰው ሁሉ ሊሊሴን ሊያይ ነው። እኔ ደግሞ ጀርባዬን በነጠላ ሸፍኜ ልቆም ነው። ሌላም ሌላም አሰብኩ፤ ሁሉንም አልናገረውም።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፈትኩ። የሊሊሴን ቀሚስ አወረድኩ፣ ገለበጥኩ፣ በየጎኑ ከድሮው ስፌት ገባ አድርጌ አዲስ መስመር ሰፋሁበትና የድሮውን ተረተርኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ካውያ አሳርፌበት መልሼ ሰቀልኩት።

አራተኛው ቅዳሜ ሊሊሴ ለበሰችው። ልክክ አለ። እጇን ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባም። መስታወቱ ላይ ፊቷ ሲወርድ አየሁ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች። «ምንም አልበላሁም እኮ።»

«አንዳንዴ ይመለሳል» አልኳት። «አይዞሽ።»

አይዞሽን መልሼ ወሰድኳት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ዋለ።

ተስፋ ቆርጣ ትበላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ከሱቄ ቀጥሎ ድርቤ ቦምቦሊኖ ትጠብሳለች፤ ሽታው በግድግዳው በኩል ይገባል። ለሊሊሴ ሁለት ትኩስ ገዝቼ «ለዛሬ እንኳ፣ አዝነሻል» አልኳት። ዘይቱ በወረቀቱ ወጥቷል፣ ስኳሩ ላዩ ላይ ቀልጧል። አየችው። በደንብ አየችው። ከዚያ «ቀሚሴ አልፈቀደም» ብላ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። ቦምቦሊኖ ሲቀዘቅዝ ስለማይሆን ሁለቱንም በላኋቸው።

እንዲህ ሆነ ሥራችን። እሷ ሳምንቱን ሙሉ ትራመዳለች፣ እኔ ሰኞ ሰኞ ቀሚሷን አጠብባለሁ። የቢሮ ጉርዷ እየሰፋ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ስትጀምር «ጉርድሽ ጨርቁ ለፍቶ ነው፣ ሳቲን ግን አይዋሽም» አልኳት። አመነችኝ፤ ልብስ ሰፊዋ እኔ ነኝ። እሷ ምግቡን የበለጠ ቀነሰች፣ መንገዱን አስረዘመች። እኔም መርፌውን የበለጠ አስገባሁት። ኅዳር አጋማሽ ላይ የገና ጾም ገባና «አሁንስ እኔም እቀንሳለሁ» አልኩ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ቦምቦሊኖ ግን የጾም ነው። ድርቤን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ዘይት። ጾም አርባ ሦስት ቀን ነው። ጾሜ ሲያልቅ ወገቤ ዘጠና ስድስት ሆኖ ተገኘ። ሁለት ሴንቲ። የእሷን በዓይኔ ብቻ ሳየው ከዘጠና ወርዷል።

በዚሁ መሀል አንድ ቅዳሜ ሊሊሴ ቀሚሱን ለብሳ ጎኗን አከከች።

«ውስጡ ይኮሰኩሰኛል፣ አዳኑ። ወፍራም ነገር አለው።»

ደነገጥኩ። ሁለት ጣት ትርፍ ላይ እኔ ያጠበብኩት ተጨምሮ ጎኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። ሳቲን ደግሞ መርፌ የገባበትን አይረሳም፤ የተተረተረው መስመር ሁሉ ቀዳዳው ቁጭ ብሏል። አንዴ ገልብጣ ብታየው አለቀልኝ። «አስተካክለዋለሁ» አልኳትና ሰኞ መቀሴን አንስቼ ትርፉን በሙሉ ከብብት እስከ ጫፍ ቆረጥኩት። አራት ረጃጅም ቁራጮች ወጡ፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት። ስፋታቸው ሦስት ጣት ያህል ነው። እያንዳንዳቸው ላይ የቀዳዳ መስመሮች ተደርድረዋል፤ አንዱ መስመር የአንዱ ሰኞ። መጣል ነበረብኝ። ግን ሳቲን ይጣላል? መሳቢያዬ ውስጥ ከአዝራሮቹ ሥር ከተትኳቸው።

ሠርጉ እሑድ ሊሆን ዓርብ ጠዋት ቀሚሴን ለመጨረሻ ጊዜ ለበስኩ። ትንፋሼን ውጬ፣ ሌንሳ ከኋላ ዚፑን እየጎተተች።

«እማዬ፣ አይዘጋም።»

«ጎትቺ።»

«ይበጠሳል እኮ! ትርፉን ልቀቂውና አስፊው።»

«ትርፍ የለውም» አልኳት። ልጄ በመስታወቱ አየችኝ። ልብስ ሰፊ እናቷ ለልጇ ሠርግ የራሷን ቀሚስ ያለ ትርፍ ቆርጣለች። «ምንም አይደል፣ ሌላ ቀሚስ ትለብሻለሽ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ምንም አይደል አላለም። የፎቶውን ሰልፍ አሰላለፍ የጻፈችው እሷ ናት፤ መሀሉ ላይ የእኔ ስም አለ።

ነቀምቴን አካለልኩት። ከገበያው ጀምሮ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ያሉ ጨርቅ ቤቶችን ሁሉ የሳቲኑን ናሙና ይዤ ዞርኩ። «ይሄ አልቋል፣ ሃደ ሌንሳ። ሐምራዊ አለ፤ ቀይ አለ።» ጉቴ ያለ አንድ ነጋዴ ጋ ስልክ ደወልኩ፤ አልነበረውም። አዲስ አበባ የደወልኩላቸው ደግሞ «በሚቀጥለው ሳምንት» አሉኝ። ስድስት ሰዓት ላይ እግሬ አብጦ ሱቄ ተመለስኩ። ያ ቀለም፣ ያ ጨርቅ፣ ከተማው ውስጥ ያለው አንድ ቦታ ብቻ እንደሆነ ጠዋትም አውቄ ነበር። ሁሉንም ሱቅ የዞርኩት መሳቢያውን ላለመክፈት ነው።

ከፈትኩት። አራቱን ቁራጮች ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሁለት ሁለቱን ስገጣጥም ሊሊሴ ገባች። መደበቅ አልቻልኩም። መደበቂያ ጊዜም ጉልበትም አልነበረኝም።

መጣች፣ አጠገቤ ቆመች፣ አንዱን ቁራጭ አነሳችና ወደ ብርሃኑ አቅንታ በጣቷ መስመሮቹን ቆጠረች። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…» እስከ ሰባት ደረሰች።

«ልክ ነው» አለች። «እኔም ሰባት ነበር የቆጠርኩት።»

«መቼ?» አልኩ።

«በጾሙ መሀል፣ አንድ ዓርብ ቦምቦሊኖ ልትገዢ ስትወጪ። ገልብጬ አየሁት። ‹ይኮሰኩሰኛል› ያልኩሽ በማግስቱ ቅዳሜ ነው፤ ምን እንደምታደርጊ ላይ ብዬ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወንበሩ አልጮኸም። «ሞኝ ነኝ እንዴ፣ አዳኑ? ጉርዴ ከወገቤ እየወረደ ሳቲኑ ብቻ ጠባብ ይሆናል?»

«ለምን ዝም አልሽ?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር፤ ሐሰት ይሁን እንጂ አዘጋጅቼ ነበር። ሊሊሴ ቁራጩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችና ፈገግ አለች።

«ቀናሽብኝ» አለች። «አንቺ። በእኔ። እኔ እኮ በሕይወቴ ማንም ቀንቶብኝ አያውቅም። በምን ይቅናብኝ? በመዝገብ ቤቱ? የገቢሳን ወረቀት ተሸክሜ ሳመጣልሽ እጄ ላይ ሲላብ፣ አንቺ አንብበሽ ስትስቂ፣ ሌንሳን ስትወልጂ፣ እኔ ስንት ዓመት ነው የቀናሁት? አንቺ ግን አላወቅሽም፤ ‹አይዞሽ› ብቻ ትይኛለሽ።» ቁራጩን ከጣቷ ላይ ፈታችው። «ከዚያ አንቺ ተቀምጠሽ፣ መብራት አብርተሽ፣ ሥራሽን ትተሽ፣ በእኔ ወገብ ተቃጥለሽ ስትሰፊ ታየኝ። ጣፈጠኝ። ከኬክ ይልቅ ጣፈጠኝ። እሱን ነበር ስበላ የከረምኩት።»

«ይቅር በዪኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሰዓት እንኳ አንገቷን እያየሁ ነበር።

«ደግሞ ጠቀመኝ» አለች። «ቀሚሱ ቢሰፋ ኖሮ ሰው ሁሉ ‹አሁንማ ፈቀደ፣ ብዪ› ይለኝ ነበር። እኔም እበላ ነበር። ስኳሩ ከደጃፉ ተመልሷል፤ ትናንት ተመርምሬ ነው።» ተነሳችና ሜትሬን ከአንገቴ ላይ ወሰደች። «በይ ቁሚ፣ ልለካሽ። ከጎኔ የቆረጥሽውን ጎንሽ ላይ እንጨምረዋለን። ሌላ ጨርቅ የለም።»

«ቀዳዳው ይታያል፣ ሊሌ።»

«ይታይ» አለች።

ይቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው የተቆጣችኝ። በቃችኝ።

እሷ እየያዘች እኔ ሰፋሁ። ሁለት ሁለት ቁራጭ በየጎኑ። አንዱን ጎን ሁለቴ ተርትሬ እንደገና ሰፋሁት። ስጨርስ ለበስኩት፤ ሊሊሴ ዚፑን በአንድ ጣቷ ዘጋችው።

እሑድ ተሰልፈን ገባን። አሥራ ሁለታችንም በወይን ጠጅ ሳቲን። ሰው ሁሉ ሊሊሴን አየ፤ እንደፈራሁት። «ማነች ይቺ?» የሚሉ ከጊምቢ የመጡ ዘመዶች ነበሩ። እኔ ክንዶቼን ጎኖቼ ላይ ለጥፌ ሄድኩ። ከብብቴ እስከ ጉልበቴ ድረስ የሰባት ሰኞ ቀዳዳ ተደርድሮ ወርዷል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ነጥብ ነጥብ ይላል። ሰላምታ በእጅ ጫፍ ሰጠሁ። እልልታውን እጄን ሳላነሳ አልኩ። ቪዲዮ አንሺው «እናት፣ ትንሽ እጅዎን ፈታ!» እያለ ጮኸብኝ፤ አልፈታሁም። ድርቤ ግን ዓይኗ ፈጣን ነው፤ ጎንበስ ብላ «ይሄ ጎኑ ላይ ያለው ነጠብጣብ ዲዛይን ነው? ለእኔም እንዲህ ትሠሪልኛለሽ» አለችኝ። «የሊሊሴ ነው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ኬክ ተቆረሰ። አንድ አስተናጋጅ ለሊሊሴ ትልቁን ቁራጭ አቀረበላት፤ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ «ቀሚስሽ ፈቀደ?» ብሎ ጮኸ። ሊሊሴ ወደ እኔ ዞር አለች፣ ጎኔን አየች፣ «ፈቀደ!» አለችና በሹካ ጎረሰች። አዳራሹ አጨበጨበ። ለእኔ ሲያመጡልኝ ጥርሴን ነክሼ አሳለፍኩት። ስፌቱ አይችልም ነበር፤ እሱ ብቻ አይደለም ግን።

ከዚያ ሌንሳ ከመድረኩ ወረደች። ነጩን ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ በጠረጴዛዎቹ መሀል አልፋ፣ እያለቀሰች ወደ እኔ መጣች። «እማዬ» አለችና እጇን ዘረጋች።

ልጅን ክንድ ለጥፎ ማቀፍ አይቻልም። እጆቼን አነሳሁ። ጎኔ ሁሉ ተገለጠ፣ ቪዲዮው ቀረጸው፣ ያየ አየ። አቀፍኳት። በትከሻዋ በኩል ሊሊሴ ታየችኝ። ሹካዋን አየር ላይ አቁማ፣ ኬኩን አፏ ውስጥ ረስታ፣ ሌንሳና እኔን ታያለች። ፊቷን አወቅኩት። ከሱቄ መስታወት ውስጥ በየሰኞው ሳየው የከረምኩት ፊት ነው።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ሊሊሴ እንዳለችው ነው፤ ይጣፍጣል። ሌንሳን ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽም ረዘም አድርጌ አቀፍኳት፤ እንድታይ። ከዚያ ሊሊሴ ዓይኗን ወደ ኬኩ መለሰች፤ ሳትጨርሰው ሳህኑን ከፊቷ ገፋችው። አንገቷ፣ ያ ስቀናበት የከረምኩት ቀጭን አንገት፣ ሲደፋ አየሁ። ጣዕሙ አፌ ውስጥ ጠፋ።

አንዱን ክንዴን ከልጄ ላይ አነሳሁ።

«ሊሌ!» አልኩ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ኮቱ! ነይ እንጂ!»

ወዲያው አልመጣችም። እኔም ክንዴን አላወረድኩም።